ከታተመ በኋላ የቀረው ገጽ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በተካሄደ ጨረታ፣ በጥቁር ቀለም የተሣለ አንድ ነጠላ ገጽ በ3.36 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ገጹ በ1984 የታተመ የኮሚክ መጽሔት 25ኛ ገጽ ዋና ሥዕል ነው። የሣለው ማይክ ዜክ ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ስፓይደርማን የታወቀውን ጥቁር ልብሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝ ይታያል። መጽሔቱ ራሱ ለገበያ በቀረበበት ወቅት ይሸጥ የነበረው በ75 ሳንቲም ነበር።

ኮሚክ በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ንግግሮች ታሪክ የሚተረክበት የኅትመት ዓይነት ነው። አንባቢው የሚይዘው በብዙ ሺህ ቅጂ የተባዛውን መጽሔት ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሹት ግን ከኅትመቱ በፊት በእጅ የተሠራውንና አቻ የሌለውን ወረቀት ነው። በአሜሪካ ልማድ አንዱ ባለሙያ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በብዕርና በብሩሽ ጥቁር ቀለም ያለብሰዋል፣ ሦስተኛው ንግግሩን ይጽፋል። ወረቀቱ ወፍራምና ከመጽሔቱ ገጽ የሚሰፋ ሲሆን፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደው መጠን 28 በ43 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ይበልጥ ትልቅ ነበር። ሥዕሉ በካሜራ ተነሥቶና አንሶ ይታተም ነበር።

የዋናው ገጽ ውበት ያለው ኅትመቱ በደበቀው ነገር ላይ ነው። ካሜራ የማያነሣው ሰማያዊ የእርሳስ መሥመር፣ ስሕተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ንግግር፣ በኅዳጉ ላይ አርታኢው የጻፈው ትእዛዝ፣ ሁሉም በቦታው ይገኛል። ሠዓሊው የት እንዳመነታ፣ የቱን ፊት ሁለት ጊዜ እንደሣለ ከወረቀቱ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሐሰተኛን ከእውነተኛው ለመለየት የሚያገለግሉትም በአብዛኛው እነዚሁ ምልክቶች ናቸው።

አሳታሚዎች ግን ለረጅም ጊዜ ይህን ወረቀት የቆጠሩት እንደ ሥራ ተረፍ ነበር። ሠዓሊው በገጽ ተመን ይከፈለዋል፤ ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ወረቀቱ በድርጅቱ እጅ ይቀራል። ከፊሉ በመጋዘን ተከማቸ፣ ከፊሉ ተቆራርጦ ተጣለ፣ ከፊሉ ለእንግዳ በስጦታ ተሰጠ፣ ተሰርቆ የወጣም አለ። በ1970ዎቹ ኒል አዳምስን የመሳሰሉ ሠዓሊዎች ባደረጉት ግፊት ታላላቆቹ የአሜሪካ አሳታሚዎች ገጾችን ለሠሯቸው ሰዎች መመለስ ጀመሩ። ጥያቄው ጎልቶ የወጣው ግን በጃክ ከርቢ ጉዳይ ነው።

ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1917 የተወለደ ሲሆን ካፒቴን አሜሪካን ከጆ ሳይመን፣ ፋንታስቲክ ፎርንና ሀልክን ከስታን ሊ ጋር የፈጠረ ሰው ነው። ለማርቭል የሣላቸው ገጾች ከ10,000 እንደሚበልጡ ይገመታል። በ1984 ድርጅቱ አሮጌ ገጾችን ለመመለስ ሌሎቹን ሠዓሊዎች አንድ ገጽ ውል ሲያስፈርም፣ ለከርቢ ግን አራት ገጽ የሞላና ብዙ ገደብ የተደረደረበት ሰነድ ላከለት። በምላሹ እንደሚያገኝ የተነገረው 88 ገጾችን ብቻ ነበር። ከርቢ አልፈርምም አለ። የሙያ ባልደረቦቹ ድምፃቸውን አሰሙለት፤ ክርክሩም በአደባባይ ሆነ። በመጨረሻ በ1987 ወደ 2,000 የሚጠጉ ገጾች ተመለሱለት። የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ግን ጠፍተዋል፣ አለዚያም በሰብሳቢዎች እጅ ገብተዋል። ስለዚህ የ1960ዎቹን የከርቢ ገጽ የሚገዛ ሰው፣ ወረቀቱ በማን በኩል አልፎ እዚህ እንደደረሰ መጠየቁ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ነጋዴ ካለ ዋጋው ረከሰ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ገጹ ከሠዓሊው እጅ በፈቃዱ የወጣበት ተቃራኒ ምሳሌም አለ። ኸርብ ትሪምፕ ዎልቨሪን የተባለው ገጸ ባሕርይ መጀመሪያ ብቅ ያለበትን የ1974 ገጽ በ1983 ለአንድ ወጣት በስጦታ ሰጥቶ ነበር። በ2014 ገጹ በ657,250 ዶላር ሲሸጥ፣ ባለቤቱ ከገንዘቡ አብዛኛውን ችግር ላይ የወደቁ የኮሚክ ባለሙያዎችን ለሚረዳ ድርጅት ሰጥቷል። በ2008 ደግሞ ስሙን ያልገለጸ ለጋሽ፣ ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን የ1962 መጽሔት 24 ዋና ገጾች ለአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አበርክቷል። የስቲቭ ዲትኮ እጅ ሥራ የሆኑት እነዚህ ገጾች በጨረታ ቢወጡ ምን ያህል ሊያወጡ እንደሚችሉ ማሰብ አያዳግትም።

በአውሮፓ ሁኔታው ይለያል። በዚያ ወረቀቱ በአመዛኙ የሠዓሊው ንብረት ሆኖ ኖሯል። ቢሆንም ውዝግብ አልጠፋም። የቲንቲን ደራሲ ኤርዤ በ1936 ለ«ሰማያዊው ሎተስ» ያዘጋጀውና በቀለም ኅትመቱ ውድነት ሳይታተም የቀረው የሽፋን ሥዕል፣ በ2021 በፓሪስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አውጥቷል። የሻጮቹ ቤተሰብ እንደሚለው ኤርዤ ሥዕሉን ለአሳታሚው ልጅ ሰጥቶት ነበር፤ ልጁም አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ አኖረው። ይህን ታሪክ የተጠራጠሩ አልታጡም።

ፈረንሳይ ከ1920 ጀምሮ፣ ኋላም የአውሮፓ ኅብረት፣ ሥዕል በነጋዴ ወይም በጨረታ ቤት በኩል በተሸጠ ቁጥር ሠዓሊው፣ ከሞተም በኋላ ለ70 ዓመታት ወራሾቹ፣ ከዋጋው ድርሻ እንዲያገኙ በሕግ ደንግገዋል። ድርሻው ግን በአንድ ሽያጭ ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። ሚሊዮኖች በሚንቀሳቀሱበት ጨረታ ይህ እምብዛም የሚያስደስት አይደለም። በአሜሪካ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የለም።

ገዢ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላም ነገር አለ፦ የሚገዛው ወረቀቱን እንጂ የቅጂ መብቱን አይደለም። ሥዕሉን በቤቱ መስቀል ይችላል፤ በካናቴራ ላይ አትሞ መሸጥ ግን አይችልም። ለፀሐይ ብርሃን አለማጋለጡም ግድ ነው፤ በጊዜ ብዛት የማርከር ቀለም ይፈዝዛል፣ ንግግሮቹ የተለጠፉበት ሙጫም ወረቀቱን ያቢጫል።

ሚሊዮን የሚያወጡት ገጾች ጥቂት ናቸው። ዝናቸው ያልገነነ ሠዓሊዎች በአውደ ርእዮች ላይ ገጾቻቸውን ራሳቸው ይሸጣሉ፤ ከመቶ ዶላር በታች የሚገኝም አለ። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ በዱባይ ተጀምሮ ኋላ ወደ አቡ ዳቢ የተዛወረው የፊልምና የኮሚክ አውደ ርእይ ለሠዓሊዎች የተለየ ቦታ አለው። በዚያ ገዢው ገንዘቡን የሚያስረክበው ለሣለው ሰው ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ብዙዎች በኮምፒውተር ስለሚሠሩ፣ ከታተመው መጽሔት ጀርባ ምንም ወረቀት የማይገኝበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል።