በእንቅርት ውስጥ የሚጋገር ጠጠር

አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ የጠመጠሙ አንዲት እናት የአልትራሳውንድ ውጤታቸውን ላገኙት ሁሉ ያሳያሉ። ወረቀቱ “ማይክሮካልሲፊኬሽን” ይላል፤ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠር ማለት ነው።

“ጠጠር አለዎት አሉኝ። የኩላሊት ጠጠር ሰምቻለሁ፤ የአንገት ጠጠር ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? ካንሰር ነው ወይ ስላቸው ‘ሐኪምዎ ይነግርዎታል’ ይሉኛል። የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ነው።”

ጥያቄያቸው የአንድ ቃል መልስ የለውም። ጠጠሩ የሚፈጠረው በደም ውስጥ ካልሲየም ስለበዛ አይደለም። በቆየ እንቅርት ውስጥ ደም ይፈሳል፣ ሥጋው ይሞታል፣ ጠባሳ ይሆናል፤ በሞተው ሥጋ ላይ ካልሲየም ከፎስፌት ጋር ተጣብቆ ይደድራል። እንዲህ ያለው ትልቅና ሻካራ ጠጠር ብዙውን ጊዜ የእርጅና ምልክት ነው።

ከ1 ሚሊ ሜትር የሚያንሱት ግን ይበልጥ ያሠጋሉ። ከታይሮይድ (እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት ዕጢ) ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ ጣት መሰል ቅርንጫፎች ያበቅላል። የጫፎቹ ሴሎች ሲሞቱ ካልሲየም በዙሪያቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተደራረበ ይጋገራል፤ ፓቶሎጂስቶች ሳሞማ ቦዲ ይሉታል። ሆኖም አልትራሳውንድ ላይ ያበራ ነጥብ ሁሉ ካልሲየም አይደለም፤ በዕጢው ውስጥ የተጠራቀመ ኮሎይድ የተባለ ዝልግልግ ነገርም ያበራል።

የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የካንሰር ሥጋት መመዘኛ ጥቃቅኖቹ 3፣ እብጠቱን ዙሪያውን የከበበው 2፣ ትልልቁ 1 ነጥብ ያሰጣሉ። ነጥቡ ከቅርጽና ከመጠን ጋር ተገናዝቦ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ወይስ ክትትል ይበቃል የሚለውን ይወስናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንቅርት የቆየ ሕመም ነው። የደጋውን አፈር አዮዲን ዝናብ አጥቦታል፤ አዮዲን ሲያንስ ደግሞ ዕጢው ያብጣል። አዮዲን ያለው ጨው ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ያ በር ተዘጋ፣ ገበያውም ወደ አፋሩ አፍዴራ ዞረ። የአፍዴራ ጨው ለዓመታት በአብዛኛው ያለ አዮዲን ተሸጠ። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለ ቁጥጥሩ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ “በደብዳቤ ጠይቁ” አሉ፤ ለደብዳቤው መልስ አልመጣም።

“እናቴም ነበራት፣ አክስቴም” ይላሉ እኚያ እናት። “እኛ አገር አንገት ማበጥ እንደ ሕመም አይቆጠርም ነበር። አሁን ጨዉን አይቼ እገዛለሁ፤ የኔን ግን ማን ይመልሰዋል?”

ጨው የቆየን እብጠት አያሟሟም። ፓፒላሪ ካንሰር በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኞቹ ታማሚዎች ይድናሉ፤ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ግን የዕጢውን ሆርሞን ታይሮክሲንን ዕድሜ ልክ መዋጥ አለባቸው።