ስኳር የማይገባባቸው የአትክልት ምግቦች

በኢትዮጵያ የጾም ገበታ ላይ ከሽሮውና ከምስር ወጡ ጎን ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ፎሶሊያና ቀይ ስር ይቀርባሉ። አራቱም ያለ ስኳርና ያለ ማር ይሠራሉ። ካሮትና ቀይ ስር በተፈጥሯቸው ስኳር አላቸው፤ ሽንኩርትም ሲበስል ይጥማል። የሙያው ቁም ነገር ይህን የአትክልቱን የራሱን ስኳር በጨው፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቃሪያ ልክ ማስያዝ ነው።

ከቀይ ስሩ በቀር ሥራው ከሽንኩርት ይጀምራል። ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ዓይን የሚያስለቅሰው ድኝ ባለበት ውሁድ ነው። በሙቀት ይህ ሲተን ስኳሩ ጎልቶ ይወጣል። ለቀይ ወጥ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ረጅም ሰዓት ይቁላላል፤ የበርበሬው ኃይል ያን ሁሉ ስኳር ይችለዋል። እንደ ጥቅል ጎመን በካሮት ላለ በርበሬ የሌለው አልጫ ግን እንዲህ ማቁላላት አይበጅም፤ የጠቆረ ሽንኩርት ከካሮቱ ጋር ሲደመር ምግቡን ከልክ በላይ ያጣፍጠዋል። ስለዚህ ሽንኩርቱ መልኩን ሳይለውጥ ለስለስ እንዳለ ዘይቱ፣ የተወቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ለአልጫው ደግሞ ጥቂት እርድ ይከተላሉ።

ከአራቱ ብዙ ጥንቃቄ የሚፈልገው ጎመን ነው። የሐበሻ ጎመን፣ በሳይንሳዊ መጠሪያው ብራሲካ ካሪናታ፣ የኢትዮጵያ ደጋ የራሱ ተክል ሲሆን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ የተገኘ ነው። የተክል ሊቁ ናጋሃሩ ኡ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ዝምድና አስረድተዋል፦ የአንዱ 16፣ የሌላው 18 ክሮሞሶም ተደምሮ የሐበሻ ጎመን 34 አለው። የሰናፍጭ ዘመድነቱ በምላስም ይታወቃል፤ ምሬቱ ከዚያ ወገን ነው።

ይህን ምሬት ለማለዘብ ጎመኑ ጨው በገባበት የፈላ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያም ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል። ድስቱን አለመክደን ለመልኩ ይረዳል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚሄድ አረንጓዴው ቶሎ አይደበዝዝም። ውሃ ማብዛትና ቀቅሎ መድፋት ግን ብክነት ነው፤ ቫይታሚን ሲና ፎሌት በውሃ ይሟሙና አብረው ይፈሳሉ። በልክ ውሃ ቀቅሎ የቀረችውን መረቅ ወደ ቁሌቱ መመለስ ይሻላል። ምሬቱም ፈጽሞ መጥፋት የለበትም፤ ጥቂት መረር የማይል ጎመን ማንነቱን ያጣ ቅጠል ነው። ቃሪያው የሚጨመረው ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ይጠፋል።

በጥቅል ጎመን ዋናው ነገር ቅደም ተከተል ነው። ጠንካራው ካሮት ይቀድማል፣ ድንች ካለ ይከተላል፣ ጎመኑ መጨረሻ ይገባል። ጨው ከቅጠሉ ውሃ ስለሚያወጣ ክዳኑ ተገጥሞ በዝግታ ሲበስል ሌላ ውሃ እምብዛም አያስፈልገውም። ከልክ በላይ የበሰለ ጥቅል ጎመን የድኝ ሽታ ያመጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ምግብ የሚጠላው በዚሁ ጥፋት ነው። ፎሶሊያም የሚሠራው በዚሁ አኳኋን ነው፤ እርድ ግን የግድ አይደለም።

ቀይ ስር ከሁሉ ይልቅ ስኳር የበዛበት ነው። ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ተልጦ ከተቀቀለ ቀለሙ በውሃው ይፈስሳል። ሲበርድ ተልጦ ይከተፍና ጥሬ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ጨው፣ ዘይትና ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ይገባበታል። እዚህ ላይ ጎምዛዛው ቅመም መቅረት የለበትም፤ ስኳሩን የሚገታው እሱ ነው።

ከጾም ውጭ በዘይቱ ፋንታ ንጥር ቅቤ ይገባል። በጉራጌ ቤት ጎመን በጣም ደቅቆ ተከትፎ በቅቤ ይታሽና ጎመን ክትፎ ይሆናል፤ ከአይብ ጋርም ይቀርባል። በዘይት የተሠራ አትክልት ቀዝቅዞም ይበላል፤ በቅቤ የተሠራው ግን ቅቤው ሳይረጋ ለብ እንዳለ መቅረብ አለበት።