ሄዶ ቀር እና ደርሶ መልስ፦ የጥንት ሞተር ብስክሌት የዘይት ሥርዓት ስያሜዎች

አንድ ሙያዊ ቃል በትክክል ሊተረጐም የሚችለው የሚሰይመው ነገር አሠራር አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ በጥንት ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚደረገውን የዘይት ሥርዓት ለውጥ መነሻ አድርገን፣ ሦስት የእንግሊዝኛ ስያሜዎች በዐማርኛ እንዴት ሊሰየሙ እንደሚገባ እናብራራለን። እነዚህም ቶታል ሎስ፣ ድራይ ሳምፕ እና ዌት ሳምፕ ናቸው። ቃል በቃል ሲተረጐሙ «ጠቅላላ ኪሳራ»፣ «ደረቅ ማቆሪያ» እና «እርጥብ ማቆሪያ» ይሆናሉ።

በመጀመሪያው ሥርዓት ዘይቱ ከቋቱ በእጅ ወይም በሞተሩ ኀይል በሚሠራ ፓምፕ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ በሚሽከረከሩት ክፍሎች እየተረጨ ኩሽኔታዎቹንና ፒስተኑን ያለሰልሳል፤ በመጨረሻም ከፊሉ ይቃጠላል፣ ከፊሉም በመተንፈሻው ይወጣል። ወደ ቋቱ ግን አይመለስም። የአሜሪካው ኢንዲያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ለባለሁለት ሲሊንደር ሞተሮቹ፣ ሃርሊ ዴቪድሰን ደግሞ በ1936 ባወጣው አዲስ ሞተር፣ ዘይቱ ወደ ቋቱ የሚመለስበትን ሥርዓት ተቀበሉ። ከዚያ በፊት የተሠሩ ሞተሮች ካሏቸው ባለንብረቶች አንዳንዶቹ የቀድሞውን ሥርዓት በኋለኛው ይለውጣሉ።

ለውጡ አንዱን ፓምፕ በሌላ በመተካት ብቻ አያበቃም። ዘይቱን ወደ ሞተሩ የሚያደርስ አንድ ፓምፕ፣ ከሞተሩ ሥር ስቦ ወደ ቋቱ የሚመልስ ሌላ ፓምፕ ያስፈልጋል። የኋለኛው የመሳብ ዐቅም ከፊተኛው መብለጥ አለበት፤ የሚስበው ዘይት ከአየር ጋር የተቀላቀለ ነውና። ይህ ከተዘነጋ የሞተሩ የታችኛው ክፍል በዘይት ይጥለቀለቃል። ለቋቱ የመመለሻ ቧንቧና የአየር መውጫ ይበጅለታል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይወርድ በማድረሻው መስመር ላይ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይገባል። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣም መካኒኩ የቋቱን ክዳን ከፍቶ ዘይቱ መመለሱን በዐይኑ ያረጋግጣል።

እንግዲህ ቃል በቃል የተተረጐሙትን ስያሜዎች በዚህ አሠራር እንመዝናቸው። «ጠቅላላ ኪሳራ» ለአንባቢ የንግድ ውድቀትን እንጂ በደኅና የሚሠራ ሞተርን አያሳስብም። «ደረቅ» የሚለው ደግሞ ዘይት የማያስፈልገው ክፍል ያለ ያስመስላል፤ ደረቅ የተባለው ግን ዘይት ስለማያልፍበት ሳይሆን ዘይት ስለማይጠራቀምበት ነው። ስሕተቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። በቀድሞው ሥርዓት በቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት እየቀነሰ መሄዱ ጤናማ ነው፤ በአዲሱ ግን ፈጥኖ ከቀነሰ ብልሽት መኖሩን ያመለክታል። ሁለቱን የሚያደበላልቅ የመመሪያ ትርጉም ነጂው መቆም ሲገባው እንዲቀጥል ሊያደርገው፣ ሞተሩንም ሊያቃጥልበት ይችላል።

በእኛ አስተያየት የችግሩ ምንጭ ሦስቱ ስያሜዎች ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መቀላቀላቸው ነው። አንደኛው፣ ዘይቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም? የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚመለስ ከሆነ የት ያርፋል? የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ከመንገደኛ ቲኬት የምናውቀው «ደርሶ መልስ» በቂ መልስ ይሰጣል፤ ተቃራኒው «ሄዶ ቀር» ይሆናል። ለሁለተኛው «ባለውጭ ቋት» እና «ባለውስጥ ማቆሪያ» እንላለን። ስለዚህ ቶታል ሎስ «ሄዶ ቀር የዘይት ሥርዓት»፣ ድራይ ሳምፕ «ደርሶ መልስ፣ ባለውጭ ቋት»፣ ዌት ሳምፕ «ደርሶ መልስ፣ ባለውስጥ ማቆሪያ» ይባላሉ። ሁለቱ ፓምፖችም «አድራሽ» እና «መላሽ» ቢባሉ ከሥርዓቱ ስም ጋር ይጣጣማሉ።

እነዚህ ስያሜዎች ከባዕዱ ቃል ይልቅ የዘይቱን መንገድ ስለሚከተሉ፣ እንግሊዝኛውን የማያውቅ መካኒክ እንኳ «መላሹ ወዴት ነው የሚመልሰው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መካኒኩን ወደዚህ ጥያቄ የሚመራ ስያሜ ተግባሩን ፈጽሟል እንላለን።