በበዓል ቀን ውሻን ስለ መጠበቅ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የቤቱን ጌታ ዐውቆ፣ ሌሊት ሌባውንና ጅቡን ከደጅ መልሶ፣ በቍራሽ እንጀራ የሚያገለግል እንስሳ ስለ ሆነ ይህ ምሳሌ ለእርሱ ምስጋና ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ ወደ ሩቅ አገር በተጓዘ ጊዜ ውሻው እንደ ተከተለው ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ዓመቱን ሁሉ በታማኝነት ደጅ ሲጠብቅ የኖረው ውሻ በበዓል ቀን ሕፃን ነከሰ ሲባል እንሰማለን። ይህ የሚሆነው ስለ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚከለከል መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ ሽማግሎችም ለመንደራቸው ሰው ይነግሩ ዘንድ እዚህ እንገልጻለን።

በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን የተክለ ሃይማኖትን ሰፈር ለምሳሌ እንውሰድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ ካለው ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው። መርካቶ ቅርብ ስለ ሆነ በአዘቦትም ቀን ሰውና መኪና አይታጣበትም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በትር ይዘው መሬቱን እየደበደቡ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። ነሐሴ 24 ቀን የጻድቁ የዕረፍታቸው መታሰቢያ ስለ ሆነ ምእመናን ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ከዚያም ጳጕሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል፣ መስከረም 1 ቀን ዕንቍጣጣሽ፣ መስከረም 16 ቀን ደመራ ይከተላል። እንግዲህ ከቡሄ እስከ መስቀል ባለው አርባ ቀን ገደማ ውስጥ ጅራፉ፣ ከበሮው፣ እልልታው፣ ችቦው፣ ርችቱ፣ እንግዳውና የእርዱ ሽታ ሁሉ በአንድ ውሻ ላይ ይደራረብበታል። የባላገሩም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ርችቱ ቢቀር ጅራፉና እንግዳው አይቀርም።

የውሻ ጆሮ እንደ ሰው ጆሮ አይደለም። የሰው ጆሮ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ቢበዛ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ነው፤ ውሻ ግን ከ40,000 በላይ የሚንቀጠቀጠውንም ይሰማል። እኛ የማንሰማውን ከሩቅ ሰምቶ የሚነቃው ስለዚህ ነው። ይኸው ስጦታ በበዓል ቀን መከራ ይሆንበታል። እኛ የጅራፉን ምክንያት እናውቃለን፤ ርችቱም ጨዋታ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ውሻው ግን ይህን የሚነግረው የለምና ጦር የመጣ ይመስለዋል። በሰንሰለት የታሰረ እንደ ሆነ ደግሞ መሸሽ አይችልም። መሸሽ ያልቻለ እንስሳ የሚቀረው መንገድ መናከስ ብቻ ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን የሚናከሰው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ ውሻ ሳይሆን የፈራ ውሻ ነው።

ውሻ ከመናከሱ በፊት ፍርሃቱን በብዙ ምልክት ይናገራል። ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ጅራቱን በእግሮቹ መካከል ይወትፋል፤ ሳይርበው ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ፊቱን እያዞረ በዐይኑ ነጭ ይመለከታል፤ ሰውነቱን ያደርቃል፤ በመጨረሻም ያጕረመርማል። አንዳንድ ሰው ውሻው ባጕረመረመ ጊዜ በዱላ ይመታዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ማጕረምረም ማስጠንቀቂያ ነውና፣ ስለ ማስጠንቀቁ የተመታ ውሻ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ መናከስ ይማራል። የሚገባው ነገር ሕፃናቱን ማራቅና ለውሻው ሰፊ ቦታ መስጠት ነው።

የቤቱ ጌታ እንግዳ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሚያደርገው ይህ ነው። በማለዳ ውሻውን ወጣ አድርጎ ያንሸራሽረው፤ ምግቡንም እንግዳ ሳይገባ ይስጠው፤ የጠገበና የደከመ ውሻ ይተኛልና። ከዚያ በኋላ ከበሩና ከመተላለፊያው ርቆ፣ ከእሳቱና ከእርዱ ስፍራ ተለይቶ፣ በጓሮ ወይም በአንድ ክፍል ውስጥ ማደሪያውንና ውሃውን ያዘጋጅለት። በአንድ ግቢ ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖር እንደ ሆነ ጎረቤቶች አስቀድመው ይስማሙበት። ሰንሰለቱ የሚያንቅ ወይም እጅግ ያጠረ አይሁን። ርችት በሚተኰስበት ሌሊት ውሻውን ወደ ቤት ማስገባት፣ መስኮቱንም መዝጋት ይበጃል። የግቢውም በር ይዘጋ፤ የደነገጠ ውሻ ከቤቱ ሮጦ ወጥቶ በመኪና ይገጫልና። ውሻው የሚያውቀው አንድ ሰው አልፎ አልፎ ሄዶ ይየው፤ በለሰለሰ ድምፅም ያነጋግረው። ወደ ንግሥ የሚሄዱም ሰዎች ውሻቸው እንዳይከተላቸው አስረው ይሂዱ፤ ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር እንዳይገባ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ በሕዝብ መካከል የገባ እንደ ሆነ በድንጋይና በዱላ ይባረራል፤ በዚያን ጊዜ ደንግጦ የፊቱን ሰው ይነክሳል።

ስለ ምግቡም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበዓል ቀን ሁሉም እየራራ ከማዕዱ ይጥልለታል። ነገር ግን የተቀቀለ የዶሮ አጥንት በጥርስ ሲሰበር እንደ መርፌ እየሾለ ጕሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። የዶሮ ወጥም የሚሠራው በብዙ ሽንኵርት ነው፤ ሽንኵርት ደግሞ፣ ቀዩም ሆነ ነጩ፣ የውሻን ደም ይጎዳል። ጠላና ጠጅ ማጠጣትም ለጨዋታ ተብሎ የሚደረግ ጭካኔ ነው።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባው ከበጉና ከበሬው ሆድ ዕቃ ነው። አንዳንድ ጊዜ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። ይህ የትል ማደሪያ ነው። ውሻ ጥሬውን የበላው እንደ ሆነ ትሉ በአንጀቱ ይራባል፤ ዕንቍላሉም ከኵሱ ጋራ ይወጣል። ሕፃን ውሻውን ወይም አፈሩን በነካበት እጁ ሳይታጠብ የበላ እንደ ሆነ ዕንቍላሉን ይውጣል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም እንዲሁ ያለ ከረጢት በሰውየው ጉበት ወይም ሳንባ ይበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሆድ ዕቃ ውሻ ቈፍሮ እንዳያወጣው አድርጎ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ውሻ ሰውን የነከሰ እንደ ሆነ የሚያሠጋው ቍስሉ ብቻ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በ1895 ዓ.ም. ክረምት በውሾች ላይ ወረርሽኝ ሆኖ እንደ ተነሣ ተመዝግቧል። በሽታው በታመመው ውሻ ምራቅ አድርጎ በቍስሉ ይገባል፤ በነርቭም መንገድ ቀስ በቀስ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሽታው በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድነው ከቍጥር አይገባም። ነገር ግን ወደ አንጎል እስኪደርስ ድረስ ጊዜ አለ፤ ክትባት የሚያድነውም በዚህ ጊዜ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. እብድ ውሻ የነከሰውን ልጅ ከትቦ ካዳነ ወዲህ ይህ ተረጋግጧል። እርሱ ያረፈበት ቀን፣ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ሴፕቴምበር 28፣ የእብድ ውሻ በሽታ የሚታሰብበት የዓለም ቀን ሆኗል፤ በእኛም አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ በመስቀል ማግሥት ይውላል። በአዲስ አበባም ሕዝቡ ፓስተር ብሎ የሚጠራው ተቋም ስም ከዚሁ ሊቅ የመጣ ነው።

ስለዚህ የተነከሰ ሰው ያለ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ቍስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እስከ 15 ደቂቃ ድረስ ማጠብ ነው። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በዓሉ ይለፍና እንሄዳለን ማለት በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ሕፃን ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የሚነከሰው በፊቱና በራሱ ነው፤ ከዚያ ወደ አንጎል ያለው መንገድ አጭር ነውና ለእርሱ ይልቁን መቸኰል ያስፈልጋል። ጠበልም ጸሎትም መልካም ነው፤ ነገር ግን ክትባቱን አያስቀርም፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልምና። ውሻውንም በንዴት ከመግደል ይልቅ ሰው በማይደርስበት ስፍራ 10 ቀን አስሮ መመልከት ይገባል፤ ታሞ ወይም ሞቶ የተገኘ እንደ ሆነ ለሐኪሙ መንገር ነው። የተነከሰው ሰው ግን የውሻውን መጨረሻ ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

መምህራን ከቡሄና ከመስቀል፣ ከገናና ከፋሲካ በፊት ይህን ለልጆች ያስተምሩ፦ የሚበላ፣ የተኛ ወይም ግልገል የያዘች ውሻ አትንኩ፤ በታሰረ ውሻ አትቀልዱ፤ በውሻ አጠገብ ጅራፍ አታጩኹ፤ የማታውቁት ውሻ የመጣባችሁ እንደ ሆነ አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ እንደ ዛፍ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፤ ውሻ የቧጨራችሁ ወይም የነከሳችሁ እንደ ሆነ ቍጣ ፈርታችሁ አትደብቁ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይበልጣል፤ ለእናቱ ያልተናገረ ልጅ ያለ ክትባት ይቀራልና።

ሽማግሎችም በየእድራቸው ውሻ ሁሉ በየዓመቱ እንዲከተብ ይምከሩ። ከመቶው ውሻ ሰባው የተከተበ እንደ ሆነ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል ብለው የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት ያስተምራሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ለዕንቍጣጣሽ በግ የሚገዛ ሰው ከዚያ አስቀድሞ የውሻውን ክትባት ያስብ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ በዓሉ ለቤተ ሰቡም፣ ለእንግዳውም፣ ደጅ ለሚጠብቀውም እንስሳ የሰላም ቀን ይሆናል።