ቂም የያዘ ልብ

በአማኑኤልና በአካባቢዋ ለሚኖር ገበሬ ስለ ቂም ነጋሪ አያስፈልገውም። ድንበር ተገፋ ተብሎ ስንት ወንድማማች ተጣልቷል። ከብት ሰብል በላ ተብሎ ስንት ጎረቤት ተደባድቧል። በጠቡ ሰው ሲሞት የሟች ወገን ደመኛውን ይፈልጋል። ገዳይ ቀዬውን ጥሎ ይሸሻል። እርሻው ጦም ያድራል። የሟች ልጅም ደም ካልመለሰ በሰው ፊት ይናቃል። እንዲህ እያለ ደም ደምን ይጠራል። በመጨረሻ ሁለት ቤት ይጠፋል።

የክርስትና ሃይማኖት ግን ለበደል መልሱ ይቅርታ ነው ይላል። ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ የገዛ ወገኖቹ ናቁት፤ ገፉት። በመስቀል ላይ ሆኖ ግን ለሰቀሉት ሰዎች ምሕረትን ለመነ። ጴጥሮስ ወንድሙን ስንት ጊዜ ይቅር እንዲል በጠየቀ ጊዜ የተሰጠው መልስ 70 ጊዜ 7 የሚል ነው። ይህ ሲባዛ 490 ይሆናል። ይህም 490 ድረስ ቆጥረህ ከዚያ ተበቀል ማለት አይደለም። በደልን አትቁጠር ማለት ነው።

በየቀኑ «አባታችን ሆይ» ስንል ምሕረት እንለምናለን። የምንለምነውም እኛም የበደሉንን እንምራለን ብለን ነው። ያልማረ ሰው እንዴት ብሎ ማሩኝ ይላል? አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለዚህ ነው። የሚያስለው ሌባ ሳሉ ያጋልጠዋል። ቂመኛም ሲጸልይ ቂሙ ያጋልጠዋል። የንስሐ አባትም «የተጣላኸው ሰው አለ ወይ? መጀመሪያ ታረቅ» የሚሉት ይህን አውቀው ነው።

ይቅርታ ለድሃ ብቻ የተሰጠ ትምህርት አይደለም። የጎጃም ታሪክም ይህንኑ ያሳያል።

በ1874 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሁለት ንጉሦች ተዋጉ። አንዱ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። መቀመጫቸው ደብረ ማርቆስ ነበር። ከተማዋ በፊት መንቆረር ትባል ነበር። ሁለተኛው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ናቸው። የጠቡ ምክንያት ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ማን ያስገብር የሚል ነበር። ጦርነቱ የተደረገው እምባቦ በተባለ ቦታ ነው። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው አለቀ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

ምኒልክ የተማረኩትን ንጉሥ መግደል ይችሉ ነበር። ግን አልገደሉም። ቁስላቸው እንዲታከም አደረጉ። በኋላም ንጉሡ ተለቀው ወደ ጎጃም ተመለሱ። ምኒልክ ይህን ያደረጉት ለመንግሥት ብልሃት ጭምር ነው የሚል ሊኖር ይችላል። ይሁን እንጂ የዳነ ቁስል ፍሬው ኋላ ታየ። በ1888 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን ሲወር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ሠራዊት ይዘው ዓድዋ ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን የእምባቦ ባላንጣዎች በአንድ ወገን ተሰልፈው ጠላትን ድል አደረጉ። እምባቦ ላይ ያ ቁስል በሞት አልቆ ቢሆን ኖሮ የጎጃም ሰው ዓድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ይቆም ነበር ወይ?

በአገራችን የእርቅ መንገድ አለ። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። ካህናት መስቀል ይዘው ይመጣሉ። በብዙ ቦታ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ «ማሩኝ» ይላል። የተበደለው ወገን «ይቅር ለእግዜር» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ካሳ ይቆረጣል። ከዚያ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ፤ አብረው ይጠጣሉ። ድንጋዩ የሚወርደው ከበዳይ ጫንቃ ብቻ አይደለም። ከተበዳይ ልብም ላይ ይወርዳል። ቂም የያዘ ሰው እንቅልፍ የለውም። በዳዩ ተኝቶ እሱ ያድራል።

ነገር ግን ይቅርታ በደልን መደበቅ አይደለም። ነፍስ የገደለ በሕግ ይጠየቃል። የሰው መሬት የገፋ መሬቱን ይመልሳል። ባሏ የሚደበድባት ሴትም «ቻይው» ተብላ ዝም ልትል አይገባም። ለዘመድ፣ ለሽማግሌ፣ ለፖሊስ ትናገር። ይቅርታ ማለት በገዛ እጅ ደም አለመመለስ ነው። ፍርዱን ለሕግና ለእግዚአብሔር ትቶ ልብን ከቂም ማጽዳት ነው።

በዳይም ድርሻ አለው። «ይቅር በለኝ» ማለት ውርደት አይደለም። አፍ አውጥቶ ጥፋትን ማመን ከዱላ ይልቅ ጀግንነት ይጠይቃል።

አማኑኤል ማለት «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት ነው። እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ከሆነ እኛም እርስ በርሳችን ከመሆን ምን ይከለክለናል? ዛሬ ሰላም የማትሉት ጎረቤት ካለ ሽማግሌ ላኩ። እሱ እስኪልክ አትጠብቁ።

ካነበባችሁ በኋላ ተነጋገሩ።
1. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተማረኩት የት ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት?
2. «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ማለት ምን ማለት ነው?
3. በቀበሌያችሁ ሳይታረቁ የቆዩ ሰዎች አሉ ወይ? ለማስታረቅ ማን ቢላክ ይሻላል?