«አገልጋይ» የምንለው ማንን ነው? ቤት፣ ሥራና ምስክርነት ከቈላስይስ 3፥17–4፥1 አንጻር

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «አገልጋይ» የሚለው ቃል ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበበ መጥቷል። አንድ ምእመን «ታገለግላለህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ጠያቂውም ተጠያቂውም የሚያስቡት መድረኩን ነው፤ ይሰብካል ወይ፣ ይዘምራል ወይ፣ ጸሎት ይመራል ወይ ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታስታምም ያደረች ነርስ፣ ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር፣ አማቷን የምትጦር እናት «እኔ እንኳ አላገለግልም፤ ምእመን ብቻ ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። «የሙሉ ጊዜ አገልጋይ» የሚለው አጠራራችንም ሳናስበው ይህንኑ ያጠናክራል፤ ሌላው ሰው እግዚአብሔርን የሚያገለግለው በትርፍ ሰዓቱ ነው የማለት ያህል ይሆናልና። ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። ቤቱን የበተነ ሰው መድረክ ላይ ሲቆም «አገልጋይ» እንዲባል፣ በታማኝነቱ ምክንያት ከሥራ የተባረረው ወንድም ደግሞ ማንም ሳያስታውሰው እንዲቀር የሚያደርገው ይኸው ትርጉም ነው።

አዲስ ኪዳን ቃሉን እንዲህ አያጠብበውም። በሐዋርያት ሥራ 6 ለመበለቶች የሚደረገው የዕለት እርዳታ (ቁ. 1) እና የሐዋርያት የቃል ሥራ (ቁ. 4) በአንድ የግሪክኛ ቃል፣ ዲያኮኒያ፣ ተጠርተዋል። ሐዋርያት የቃሉን አገልግሎት ትተው ወደ ማዕድ አልሄዱም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል የሥራ ድርሻ ልዩነት መኖሩ ግልጽ ነው። የቃል አገልግሎት በልዩ ጥሪ የሚያዝ መሆኑን የሚክድ ሰው ይህን ክፍል በትክክል አላነበበም። ነገር ግን አንዱ «መንፈሳዊ»፣ ሌላው «ሥጋዊ» ነው ለማለት ምዕራፉ አይፈቅድልንም፤ ለማዕድ የተመረጡት ሰባቱም መንፈስ ቅዱስ የሞላባቸው ሊሆኑ ይገባ ነበር።

በዚህ ጉዳይ እጅግ ግልጽ የሆነው ክፍል ግን የቈላስይስ መልእክት ይመስለኛል። ጳውሎስ በ3፥17 በቃልም በሥራም የሚደረገው ሁሉ በጌታ በኢየሱስ ስም እንዲሆን ያዝዛል። «ሁሉ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ ለማሳየት ወዲያውኑ የሚገባው ወደ ቤት ነው፦ ሚስቶች፣ ባሎች፣ ልጆች፣ አባቶች፣ ባሪያዎች፣ ጌቶች። በዚያ ዘመን ቤት ማለት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታም ነበር፤ ሽመናው፣ ንግዱ፣ ምግብ ዝግጅቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ይካሄድ ነበር። ስለዚህ ክፍሉን «የቤተሰብ ትምህርት» ብለን ለሠርግ ቀን ብቻ ስናስቀምጠው ግማሹን እንጥላለን።

ከሁሉ ረጅሙ ምክር የተሰጠው ለባሪያዎች ነው። በ3፥22–4፥1 ውስጥ ጳውሎስ ኩሪዮስ (ጌታ) የሚለውን ቃል ደጋግሞ ይጠቀምበታል፤ አንዳንዴ ለምድራዊው ጌታ፣ አንዳንዴ ለክርስቶስ። ንጽጽሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ባሪያው የሚያገለግለው ክርስቶስን እንደ ሆነ በቁጥር 24 ተነግሮታል፤ እዚያ ያለው ሥራ ደግሞ ስብከት ሳይሆን ውኃ መቅዳት፣ መጥረግ፣ መሸከም ነው። ዋጋውም ርስት ነው ይላል። በሮም ሕግ ባሪያ በራሱ ስም ወራሽ ሊሆን አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ይህን ቃል በጉባኤ መካከል ተቀምጦ የሰማ ባሪያ ምን እንደ ተሰማው መገመት አያዳግትም። ጌቶቹም በዚያው ጉባኤ ተቀምጠው በሰማይ ጌታ እንዳላቸው፣ ቅንና እኩል የሆነውን እንዲያደርጉ ሰምተዋል። መልእክቱን ይዘው ከመጡት አንዱ አናሲሞስ መሆኑን (4፥9) ስናስታውስ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል።

ይህ ክፍል በእኛ ቤት የሚነካው የመጀመሪያ ሰው ማን ነው? መልሱ ደስ ባይልም የቤት ሠራተኛችን ናት። እርስዋ ባሪያ አይደለችም፤ ደመወዝ አላት፣ መሄድም ትችላለች። ሆኖም በብዙ አማኝ ቤት እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ለብሶ ወደ አምልኮ ሲወጣ እርስዋ ልጅ ትጠብቃለች፣ ምሳ ትሠራለች። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ስለሚመጣ ያን ቀን እንዲያውም ሥራዋ ይበዛል። አራተኛው ትእዛዝ ግን ወንድና ሴት አገልጋዮችን ስም ጠርቶ ነው ዕረፍት የሚሰጣቸው፤ ዘዳግም 5፥14 ምክንያቱን ጨምሮ ይናገራል፦ እነርሱም እንደ ባለቤቱ እንዲያርፉ ነው። ስለ ሰንበት ትርጉም ረጅም ክርክር የምናደርግ ሰዎች ከዚህች ቁጥር ዘለን ማለፍ የለብንም። ደመወዟ በወቅቱ ይከፈላል ወይ? የማታ ትምህርት ትማራለች ወይ? ስትታመም ማን ያሳክማታል? የቤተሰቡ ምስክርነት እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ከመጋቢው ይልቅ እርስዋ ታውቃለች።

ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እኅቶቻችን ደግሞ ጽሑፉን ከሌላው ወገን ያነቡታል። በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው የታሰረ ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ በይፋ የሚሄዱበት ቤተ ክርስቲያን የለም። ለብዙዎቹ እምነታቸውን የሚኖሩበት ብቸኛ ስፍራ የሚሠሩበት ቤት ነው። እንዲህ ላለች እኅት ሥራዋ በክርስቶስ ፊት ከንቱ እንዳልሆነ መንገር እውነተኛ መጽናኛ ነው። ነገር ግን ይህን ክፍል «የሚደበድብሽን ታገሺ» ለማለት መጠቀም ቃሉን ማጣመም ነው። ያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥21 ባሪያ ነጻ መውጣት የሚችል ከሆነ ዕድሉን እንዲጠቀም ይመክራል፤ ቈላ. 3፥25ም በደለኛ የበደሉን እንደሚቀበልና በእግዚአብሔር ዘንድ አድልዎ እንደሌለ ያስጠነቅቃል። በስልክ የምትደውልለትን እኅት የሚመክር መጋቢ ሁለቱንም ይዞ መናገር አለበት።

ወደ ሥራ ቦታ ስንመጣ ሉቃስ 3፥12–14 ይረዳናል። ቀራጮችና ወታደሮች «ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁ መጥምቁ ዮሐንስ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ቀራጩ ከታዘዘው በላይ እንዳይሰበስብ፣ ወታደሩ ማንንም እንዳይነጥቅና በደመወዙ እንዲረካ ነገራቸው። የንስሐ ፍሬ በየሙያው የተለየ መልክ አለው ማለት ነው። ዛሬ ለገቢዎች ሠራተኛ፣ ለግዢ ክፍል ኀላፊ፣ ደረሰኝ ለማይቆርጥ ነጋዴ፣ መዶሻና ሲሚንቶ ለሚቆጥር የግንብ ሥራ ተቋራጭ የንስሐው ፍሬ ምንድን ነው? ስብከታችን «በሥራ ቦታችሁ ብርሃን ሁኑ» ብሎ ካቆመ ዮሐንስ የደረሰበት ድረስ አልደረሰም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ የሚካሄዱ የጾምና የጸሎት ፕሮግራሞቻችን ላይ ከሚገኙት መካከል ያለ ፈቃድ ከቢሮ የወጡ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። ባለጉዳዩ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ እኛ እጃቸውን አንሥተን እንባርካቸዋለን። የተሸጠ ሰዓት የአሠሪው ነው፤ ያንን ወስዶ ለእግዚአብሔር ማቅረብ የሌላውን በግ እንደ መሠዋት ይቈጠራል። ፕሮግራሙን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት ማዛወር የሽማግሌዎች ውሳኔ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ምስክርነትስ? በብዙ ጉባኤ ምስክርነት ማለት ከመዝሙር በኋላ የሚሰጥ አምስት ደቂቃ ሆኗል፤ ይዘቱም አብዛኛውን ጊዜ ፈውስ፣ ቪዛ ወይም ንብረት ነው። እግዚአብሔር ይሰጣልና ማመስገን ተገቢ ነው። ሆኖም ቤት ወይም መኪና የተገኘበትን መንገድ ሳንጠይቅ «ሃሌ ሉያ» ስንል ለምን እንደምንመሰክር አናውቅም። ማርቆስ 5፥19 ላይ ኢየሱስ ከአጋንንት የተፈታውን ሰው ከእርሱ ጋር እንዳይሄድ ከልክሎ ወደ ቤቱና ወደ ወገኖቹ ላከው፤ የቀድሞ ኑሮውን ወደሚያውቁት ሰዎች ማለት ነው። 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15ም ምስክርነትን ለሚጠይቅ ሰው እንደሚሰጥ መልስ አድርጎ ያቀርበዋል። ጥያቄው ደግሞ ኑሮን በማየት ይመጣል።

የራሳችን ታሪክም ይህን ያሳያል። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋና መሪዎቿን ሲያስር አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። መድረክ፣ ማጉያ፣ የመዘምራን ቡድን አልነበራትም፤ የቀራት በየቤቱ በጥቂት ሰዎች መሰብሰብ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ቍጥራቸው 34,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ለእድገቱ ብዙ ምክንያት መስጠት ይቻላል፤ ስደቱን ራሱን እንደ ዘዴ መቍጠርም አይገባም። ግን በእነዚያ ዓመታት ወንጌሉ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ በሳሎንና በጓዳ እንደ ተላለፈ አይካድም። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ጽሑፍ ወንጌል ስብከትንና የሰውን ኑሮ ማሻሻልን መነጣጠል ትክክል እንዳልሆነ ተከራክራለች። ነፍስና ሥጋን የመክፈል ልማድ ከእኛ ሥር የበቀለ አይደለም፤ አሁን ግን በራሳችን እጅ እያጠጣነው ነው።

ለመጋቢያን የሚቀረው በጣም ተራ ሥራ ነው። መስከረም ላይ መምህራንን፣ ለምድብ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጡ ሐኪሞችን፣ ሱቅ የሚከፍት ወጣትን አቁሞ እጅ ጭኖ መጸለይ ለመዘምራን ከምናደርገው የተለየ ዝግጅት አይፈልግም። በወር አንድ ቀን ምእመንን በቤቱ ብቻ ሳይሆን በሥራ ቦታው መጎብኘት ለስብከት የሚሆን ብዙ ነገር ያስተምራል። የሽማግሌ ምርጫ ሲደርስ ደግሞ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥4–7ን እንደ ተጻፈ መውሰድ ነው፤ እዚያ የተጠቀሱት መመዘኛዎች ቤቱን ማስተዳደሩና በውጭ ባሉት ዘንድ ያለው ስም ናቸው። አስመራጭ ኮሚቴው የጸሎት ቡድኑን ከጠየቀ በኋላ የዕጩውን የሥራ ባልደረባ፣ የዕድሩን ዳኛና የቤት ሠራተኛውንም ይጠይቅ።