የቤታችን ወረቀቶች

በወላይታ ሰው ብዙ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ የአንድ እርምጃ ድንበር እንኳ ያጣላል። ክርክር ሲነሣ ሽማግሌውም ዳኛውም «ወረቀት አለህ ወይ?» ይላሉ። ወረቀቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጣራ ሥር ተሰክቶ ጭስ ያጠቆረው ወይም ምስጥ የበላው ሆኖ እናገኘዋለን።

ለመሆኑ የትኞቹን እንጠብቅ? አንደኛ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ ደነገገ። ባል ቢሞት ሚስት መብቷን በዚሁ ታስረዳለች። ሁለተኛ፣ የግብር ደረሰኝ። ሦስተኛ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ ይገባናል። አራተኛ፣ የክትባትና የትምህርት ካርድ።

እነዚህን በየዓይነታቸው ለይተን፣ በፌስታል ጠቅልለን፣ ክዳን ባለው ሳጥን እናስቀምጥ። ሳጥኑ ከምድጃ ይራቅ፤ መሬት አይንካ፤ ድንጋይ ወይም እንጨት ላይ ይቀመጥ። ሶዶ ገበያ ስንወጣ ፎቶ ኮፒ አስነሥተን ዘመድ ቤት እናኑር። የሳጥኑን ቦታ ባልም ሚስትም ይወቁት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የሚወረሰው ግን ሲጠበቅ ነው።